“ማስረጃ አልተሟላም” ተብሎ የተመለሰ የጦር ጉዳተኛ ምን ያድርግ?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ክቡር አዘጋጅ፦

በሰሜን ሸዋ ከመንዝ ደጋ እስከ ምንጃር ሜዳ፣ ከዓለም ከተማ እስከ አጣዬ የጦር ጉዳተኛ የሌለበት ቀበሌ ማግኘት ይቸግራል። በደርግ ዘመን የቆሰለ አለ፣ ከባድመ የተመለሰ አለ፣ ከ2013 ወዲህ እጁን ወይም እግሩን ያጣ አለ። ከእነዚህ ውስጥ የጉዳት ጡረታ ወይም የጉዳት ዳረጎት (የአንድ ጊዜ ክፍያ) ጠይቀው “ማስረጃው ስላልተሟላ ጥያቄውን አልተቀበልነውም” የሚል ደብዳቤ የደረሳቸው ብዙዎች ደብዳቤውን ሳጥን ውስጥ ከተው ዝም ይላሉ። ሌሎቹ ደግሞ የመጀመሪያውን ማመልከቻ በሌላ ቀለም ገልብጠው መልሰው ያስገባሉ፤ የሚያገኙትም ያንኑ መልስ ነው። በዚህ ጉዳይ ማመልከቻ በመጻፍና ማኅደር በማደራጀት የምናግዝ ሰዎች ስለሆንን፣ ጋዜጣችሁን ለሚያነቡ ባለጉዳዮችና ልጆቻቸው የሚጠቅመውን በዝርዝር ለመጻፍ ወደናል።

ከምናያቸው ማኅደሮች አብዛኞቹ ውድቅ የተደረጉት ቁስሉ ስለሌለ አይደለም። ቁስሉ አለ፤ የጉዳቱን መቶኛ የሚመዝነው የሐኪሞች ቦርድም አይቶታል። የጠፋው ቁስሉን ከአገልግሎቱ ጋር የሚያያይዘው ወረቀት ነው። ስለዚህ ክልከላ ሲመጣ መልሱ ሁለተኛ ልመና ሳይሆን ደብዳቤው ላይ የተጻፈውን ምክንያት በልኩ የሚመልስ ማስረጃ ነው።

መጀመሪያ የከለከለው ማን እንደሆነ ይለይ። ጉዳዩ በሁለት ቤት ያልፋል። ስለ ቅጥሩ፣ ስለ ጉዳቱና ስለ ስንብቱ ማስረጃ አዘጋጅቶ የሚልከው ጉዳተኛው ያገለገለበት ተቋም ነው፤ የሠራዊት አባል ከሆነ መከላከያ፣ ፖሊስ ከሆነ የፖሊስ ኮሚሽኑ። መብቱን መርምሮ የሚወስነው ደግሞ የመንግሥት ሠራተኞች ማኅበራዊ ዋስትና አስተዳደር ነው። “ከተቋሙ የተላከው ማስረጃ ጉዳቱ በሥራ ላይ መድረሱን አይገልጽም” የሚል ውሳኔ የደረሰው ሰው በአስተዳደሩ ላይ ቢጮህ ዋጋ የለውም፤ የጎደለው ወረቀት ያለው ከተቋሙ ዘንድ ነው። በሌላ በኩል ተቋሙ አሟልቶ ልኮ አስተዳደሩ ሕጉን አጣሞ ተርጉሞ ከሆነ፣ ወደ ክፍለ ጦር መመላለስ ጊዜ ማባከን ነው።

በቃል የተነገረ ክልከላ ክልከላ ብላችሁ አትቀበሉት። መስኮት ላይ “አያስኬድም” ያለ ሠራተኛ ምንም አልወሰነም፤ ይግባኝም አይባልበትም። የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 የአስተዳደር ተቋም ውሳኔውን በጽሑፍና ከነምክንያቱ እንዲሰጥ ያስገድዳል። ማመልከቻውን በመዝገብ ቤት አስገቡ፣ ቀሪው ላይ ቁጥር፣ ቀንና ማኅተም አስመቱ፣ መልሱንም በጽሑፍ ጠይቁ። ደብዳቤው ሲደርስ የደረሰበትን ቀን ጀርባው ላይ ጻፉ፤ በፖስታ ከመጣ ፖስታውን አትጣሉት። የይግባኝ ጊዜ ሲቆጠር ደብዳቤው ወጪ በተደረገበትና እጃችሁ በገባበት ቀን መካከል ያለው ልዩነት ትልቅ ነገር ሊሆን ይችላል። ለመሐል ሜዳ ወይም ለሞላሌ ሰው በተለይ።

ቀጥሎ የተጠየቀው ጥቅም ምን እንደነበር ይታይ። እዚህ ላይ የሚፈጠረው መደበላለቅ ብዙ ሰው ጎድቷል። በ2014 ዓ.ም. በሌላ አዋጅ እስኪተካ ድረስ በአዋጅ ቁጥር 714/2003 ሲሠራበት በቆየው አደረጃጀት በሥራ ላይ ጉዳት የደረሰበት ሰው ሁለት መንገድ አለው። ጉዳቱ ከ10 በመቶ ያላነሰ ሆኖ ለዘለቄታው ከሥራ ካወጣው የጉዳት ጡረታ አበል ያገኛል፤ መጠኑም ጉዳቱ ከደረሰበት ወር በፊት በነበረው ወር ይከፈለው ከነበረው መደበኛ ደመወዝ 47 በመቶ ነው። ጉዳቱ ከ10 በመቶ ያላነሰ ሆኖ መሥራት ካልከለከለው ግን የሚያገኘው የአንድ ጊዜ ክፍያ ነው፤ እሱም የጉዳት ዳረጎት ይባላል። የዳረጎቱ ስሌት ያው 47 በመቶ በ60 ወር ተባዝቶ እንደገና በጉዳቱ መቶኛ ይባዛል። ደመወዙ 4,000 ብር የነበረ ሰው 47 በመቶው 1,880 ብር ነው፤ በ60 ሲባዛ 112,800 ይሆናል፤ ቦርዱ 30 በመቶ ከሰጠው 33,840 ብር ይደርሰዋል፣ 10 በመቶ ከሰጠው 11,280 ብር። 9 በመቶ ከሰጠው ምንም። አንዷ ነጥብ ምን ያህል እንደምትመዝን ከዚህ ይታያል።

ሦስተኛው መንገድ ከጉዳት ጋር የማይገናኘው የጤና ጉድለት ጡረታ ነው፤ በአገልግሎት ዘመን የሚሰላው ማለት ነው። ከሥራው ጋር ያልተያያዘ ሕመም ይዞት “በቦርድ የወጣ” ወታደር የሚስተናገደው በዚህ ነው። ችግሩ በፍንጣሪ የቆሰለውም ሰው የስንብት ደብዳቤው ላይ “በጤና ጉድለት” ተብሎ ብቻ ይጻፍለታል። ያቺ ሐረግ ከተጻፈች በኋላ የጉዳት ጡረታ ቢጠይቅ፣ የገዛ ስንብቱ ይመሰክርበታል። ስለዚህ ስንብት የተቀበለ ሁሉ ከመፈረሙ በፊት ምክንያቱን ያንብብ። ፈርሞ ከሆነም ማስተካከያ ደብዳቤ የሚጠየቀው ስንብቱን ከጻፈው ክፍል ነው።

ለረዥም ጊዜ ያገለገለ ሰው ደግሞ አንድ ሒሳብ ይሥራ። በዚሁ አዋጅ የወታደር የአገልግሎት ጡረታ ለ10 ዓመት 30 በመቶ ሆኖ ከዚያ በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት 1.65 በመቶ ይጨመርበታል፤ ጣሪያው 70 በመቶ ነው። 20 ዓመት ያገለገለ 46.5 በመቶ ላይ ይደርሳል፤ 21 ዓመት የሞላው 48.15። ሕጉ ከሁለቱ የሚበልጠውን ስለሚሰጥ ከ21 ዓመት ወዲያ “ጉዳት ነው ወይስ አገልግሎት” የሚለው ክርክር ለወር አበሉ ብዙም ላይለውጥ ይችላል። ግን አንድ ነገር አይረሳ፦ የአገልግሎቱ አበል የሚሰላው በመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት አማካይ ደመወዝ ነው፣ የጉዳቱ ግን ከጉዳቱ በፊት ባለው ወር ደመወዝ። በቅርብ እርከን ወይም ማዕረግ የጨመረ ሰው ሁለቱንም አስልቶ ይያዝ።

አዋጅ 714/2003 በ2014 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 1267/2014 ተተክቷል። የክልከላው ደብዳቤ የሚጠቅሰው አዋጅና አንቀጽ ጉዳቱ ከደረሰበትና ስንብቱ ከተሰጠበት ጊዜ ጋር መገጣጠሙን ማየት የመጀመሪያው ሥራ መሆን አለበት። አንቀጽ ያልተጠቀሰበት ደብዳቤ ከመጣ ይጠቀስልኝ ብሎ በጽሑፍ መጠየቅ ነውር የለውም።

ወደ ማስረጃው እንግባ። “ጉዳቱ በሥራ ላይ መድረሱ አልተረጋገጠም” ለሚለው ክልከላ ከሁሉ የሚበልጠው ማስረጃ በዚያው ሰሞን የተጻፈ ነው፤ ክፍሉ ስለ ቁስለኞች ለበላይ የላከው ሪፖርት፣ የመጀመሪያ እርዳታ የሰጠው ጣቢያ መዝገብ፣ ከሜዳ ሆስፒታል የወጣ መሸኛ፣ የሆስፒታል መውጫ ወረቀት። ይህ ሁሉ ጠፍቶ ከሆነ በሚቀጥለው ደረጃ ያሉትን ፈልጉ፦ በዚያ ወር በየትኛው ክፍል እንደነበረ የሚያሳይ የደመወዝ መክፈያ፣ የሕመም ፈቃድ፣ ወደ ቀላል ሥራ የተዛወረበት ደብዳቤ። የደመወዝ መክፈያው ብቻውን ቁስል አያስረዳም፤ ነገር ግን ክፍሉ በዚያ ቀን በዚያ ግንባር ከነበረ እሱም አብሮ እንደነበረ ያስረዳል። ከ1983 በፊት ለነበሩት የቀድሞ ሠራዊት አባላት፣ የቀድሞ ጦር አባላትና የጦር ጉዳተኞች መልሶ ማቋቋሚያ ኮሚሽን ሲበተኑ የሰጣቸው መታወቂያና ወረቀት ካለ፣ የተቀዳደደም ቢሆን አይጣል። ጉዳተኝነቱ እዚያ ላይ ተጠቅሶ ከሆነ ከዛሬ ምስክር ሁሉ ይበልጣል።

ማስረጃ ሲጠየቅ “ያለኝ ፋይል ሁሉ ይሰጠኝ” ማለት መልስ አያመጣም። የመለያ ቁጥር፣ ማዕረግ፣ ክፍለ ጦር፣ ብርጌድ፣ ሻለቃ፣ ሻምበል፣ ጉዳቱ የደረሰበት ቀንና ቦታ፣ የታከመበት ሆስፒታልና የካርድ ቁጥር ተዘርዝሮ “ከዚህ እስከዚህ ቀን ያለው የሕክምና መዝገብ” ተብሎ ይጠየቅ። የጦር ኃይሎች ሆስፒታልን የመሰለ ትልቅ ቤት ካርድ የሚያገኘው በቁጥርና በዓመት እንጂ በስም አይደለም።

የጓድ ምስክርነትም ይጠቅማል፣ በሥርዓቱ ከተጻፈ። “ጀግና ነበር፣ ለአገሩ ደሙን አፍስሷል” የሚል ቃል መስካሪውን ያስመሰግነዋል እንጂ ማኅደሩን አይሞላም። መስካሪው ማን እንደሆነ፣ በዚያ ቀን የት ክፍል እንደነበረ፣ ምን ያህል ርቀት ላይ ሆኖ ምን እንዳየ፣ ቁስለኛውን ማን እንዳነሣውና ወዴት እንደተወሰደ ይጻፍ። ያላየውን አይጨምር። የራሱ የስንብት ደብዳቤና መታወቂያ ግልባጭ ይያያዝ፤ በዚያ ክፍል መኖሩ ራሱ ካልተረጋገጠ ቃሉ አይመዝንም። ከሦስት ሰው የመጣ በአንድ እጅ የተጻፈ፣ ቃል በቃል የሚመሳሰል ወረቀት ደግሞ ባይቀርብ ይሻላል።

የሐኪሙ ወረቀት ላይ ብዙ ሰው ይወድቃል። “የቆየ የጥይት ቁስል ጠባሳ አለው” የሚል አምስት ቃል ለቦርድ አይበቃም። የጉዳት መቶኛ የሚወጣው ከጠባሳው ሳይሆን አካሉ መሥራት ካቃተው ነገር ነው። ጉልበቱ ስንት ዲግሪ ይታጠፋል፣ ስንት ይዘረጋል፤ እግሩ ከሌላኛው ስንት ሴንቲ ሜትር ያጥራል፤ የእጁ ጉልበት ከጤነኛው ጋር ሲነጻጸር ምን ያህል ነው፤ ዓይኑ በመነጽር ስንት ያያል፤ ጆሮው በዴሲቤል ስንት አጥቷል፣ ቀኝና ግራ ለየብቻ። ሐኪሙ በጽሑፍ “ይህ ጉዳት ከፍንጣሪ ቁስል ጋር የሚጣጣም ነው” ካለ ደግሞ ትልቅ ነገር ነው። በደብረ ብርሃን ኮምፕሬሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታልም ሆነ ሌላ ቦታ ስትቀርቡ፣ ይህ ዝርዝር እንዲካተት ለሐኪሙ በትሕትና ንገሩት፤ ወረቀቱ ለምን እንደሚፈለግ ካላወቀ የሚጽፈው ለሕክምና የሚበቃውን ያህል ብቻ ነው።

ስለ ፍንጣሪ አንድ ነገር። ሥጋ ውስጥ የቀረ ብረት በተራ ራጅ ነጭ ሆኖ ይታያል፤ ርካሽ ነው፣ ማንም ሊክደው አይችልም፣ የራጁም ፊልም ወይም ምስሉ የማኅደሩ አካል ይሁን። በተቃራኒው ኤምአርአይ የታዘዘለት ሰው ብረት እንዳለበት ለባለሙያው አስቀድሞ ይናገር፤ ማግኔቱ ብረቱን ሊያንቀሳቅሰው ይችላል፤ ዓይን ወይም አከርካሪ አጠገብ ከሆነ አደጋው ከባድ ነው። የጆሮም ጉዳይ እንዲሁ ነው፦ በፍንዳታና በተኩስ ድምፅ የሚመጣ የመስማት ጉዳት በምርመራው ሠንጠረዥ ላይ ብዙ ጊዜ 4,000 ኸርዝ አካባቢ ጎድጎድ ብሎ ይታያል፤ የዕድሜው ግን ወደ ከፍተኛው ድምፅ እየሄደ ቀስ እያለ ይወርዳል። “ያረጀ ጆሮ ነው” ተብሎ የተመለሰ ሰው ሠንጠረዡን ራሱን ይጠይቅ። በእንቅልፍ ማጣትና በቅዠት የሚሠቃየው ደግሞ፣ አንድ ቀን ሄዶ ያመጣው ወረቀት አይረዳውም፤ የሚታመነው ለወራት የተከታተለበት ካርድ ነው። እዚህ አገር የአእምሮ ሕመምን ደብቆ ጠበል ብቻ መሄድ የተለመደ ነው፤ ጠበሉም ይቅር አይባልም፣ ካርዱ ግን ጎን ለጎን ይከፈት።

ቦርዱ የሰጠው መቶኛ ካነሰ፣ ጥያቄው ተለይቶ “እንደገና ልመርመር” የሚል ይሁን። አዲስ ሕመም ከሌለ ያንኑ ወረቀት ይዞ መቅረብ ያንኑ ቁጥር ያመጣል። ብዙ ጊዜ የሚረሳው ቦርዱ ከሁለት ጉዳት አንዱን ብቻ መመልከቱ ነው፤ እግሩ የተመዘነለት ሰው ጆሮው ሳይነሣ ይቀራል፤ ምክንያቱም መሸኛው ላይ እግር ብቻ ተጽፏል። መሸኛ ደብዳቤው ጉዳቶቹን ሁሉ ይዘርዝር።

አሁን ወደ ትንንሾቹ ወጥመዶች። ከሁሉም የከፋው የቀን ጉዳይ ነው። ክፍሉ “24/2/2013” ብሎ ይጽፋል፤ ጥቅምት 24 ማለቱ ነው። ሆስፒታሉ ያንኑ ቀን በፈረንጆቹ “3/11/2020” ብሎ ያስቀምጠዋል። ሦስተኛ ቦታ ያለ ጸሐፊ የመጀመሪያውን የካቲት 2013 የፈረንጅ ብሎ ያነበዋል፤ ያኔ ሰውየው ገና አልተቀጠረም ነበር፣ ስለዚህ “ጉዳቱ ከቅጥር በፊት የደረሰ ነው”። መፍትሔው ቀላል ነው፦ በማመልከቻው ላይ ወሩን በስም ጽፎ የሁለቱን አቆጣጠር ጎን ለጎን ማስቀመጥ። ስምም እንዲሁ ነው። ኃይሉና ሀይሉ፣ ጸጋዬና ፀጋዬ ለሰው አንድ ናቸው፤ ለኮምፒዩተር ሁለት ሰው ናቸው። በአያት ስም የተለያየ፣ ወይም ሲቀጠር በሌላ ስም የተመዘገበ ሰው ስሞቹ የአንድ ሰው መሆናቸውን በፍርድ ቤት ውሳኔ ያረጋግጥ። ዕድሜ ግን ለማስተካከል ባይደከም ይሻላል፤ ለጡረታ የሚሠራው መጀመሪያ ሲቀጠር የተሞላው ነው።

ይግባኙን ስትጽፉ ከሁለት ገጽ አይብለጥ። መጀመሪያ የተከለከለበት ደብዳቤ ቁጥርና ቀን፣ ከዚያ ምክንያቱ እንደተጻፈው ቃል በቃል፣ ከሥሩ መልሱና መልሱን የሚደግፈው አባሪ ቁጥር። “ልጆቼን የማበላው አጣሁ” የሚለው እውነት ነው፤ ያሳዝናልም፤ በሕጉ ግን ጉዳት የሚለካው በችግር አይደለም። አባሪዎቹ ቁጥር ይሰጣቸው፣ ግልባጭ ይሁኑ፣ ዋናው ከእጅ አይውጣ፤ ለማመሳከር ብቻ ይታይ። አዲስ አበባ መሄድ ያልቻለ በአደራ ደብዳቤ ይላክ፤ ደረሰኙ ከቀሪው ጋር ይሰፋ።

የት ይቅረብ? አስተዳደሩ ዘንድ ባለው የቅሬታ መንገድ ቀርቦ መፍትሔ ያጣ ወደ ማኅበራዊ ዋስትና ይግባኝ ሰሚ ጉባኤ ይሄዳል። “እንደገና ይታይልኝ” የሚል ደብዳቤ ማስገባት የይግባኙን ጊዜ ያቆመዋል ብሎ መተማመን ግን አደገኛ ነው፤ አዲስ ማስረጃ እየተፈለገም ቢሆን ይግባኙ በጊዜው ይግባ፣ የቀረው ተከትሎ ይቅረብ። መሠረታዊ የሕግ ስሕተት አለበት የሚባል የመጨረሻ ውሳኔ በፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ችሎት ሊታይ ይችላል፤ ሰበር ግን መቶኛ አይመዝንም፣ ምስክርም አይሰማም። በማጓተትና መልስ በመንፈግ ለሚመጣ በደል የኢትዮጵያ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም አለ፤ አቤቱታውን ያለ ክፍያ ይቀበላል፣ ፍርድ ቤት የያዘውን ጉዳይ ግን አይነካም። የዳኝነት ክፍያ መክፈል ያልቻለ ሰው በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 467 መሠረት በደኃ ደንብ እንዲስተናገድ መጠየቅ ይችላል። ነፃ የሕግ ምክር የሚፈልግ ከዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ክፍሎችና ከፍትሕ ጽሕፈት ቤቶች ይጀምር።

ደመወዝ ሳይኖረው የዘመተው ሚሊሻ ነገር ይለያል። የጡረታ ሕጉ የቆመው ከደመወዝ በሚቆረጥ መዋጮ ላይ ስለሆነ በዚህ መንገድ አመልክቶ መከልከሉ የሚጠበቅ ነው፤ እሱ መጠየቅ ያለበት ያዘመተውን ወረዳ ነው፣ የመዝመቱንም ማረጋገጫ ከዚያው። እነዚህን ሰዎች ወደ ጡረታ መስኮት የሚልክ ሰው ጫማቸውን ብቻ ነው የሚያስጨርሳቸው።

ጉዳይ ገዳዮችም በዝተዋል። “ከውዝፉ ሲሦውን ስጠኝ፣ እኔ አስጨርሳለሁ” የሚል ሰው የሚሠራው ሥራ ከላይ የጻፍነው ነው፣ ከሠራው። ካልሠራው ደግሞ የሐሰት መሸኛ ያስገባል፤ ያ ወረቀት ሲገኝ እውነተኛው ቁስል አብሮ ይጠረጠራል፣ ባለጉዳዩም በወንጀል ይጠየቃል። ውክልና መስጠት ግድ ከሆነ ለቤተሰብ ይሁን፤ “ማስረጃ ለመጠየቅ፣ ማመልከቻ ለማስገባትና ውሳኔ ለመቀበል” ተብሎ ይወሰን፤ ገንዘብ መቀበል አይጨመርበት።

ሚስቶችም ይህን ይወቁ፦ ባል ሳይወሰንለት ቢሞት ማኅደሩ ይቀጥል እንጂ አይዘጋ። በ714/2003 የሟች ሚስት ወይም ባል ድርሻ ከአበሉ 50 በመቶ፣ የእያንዳንዱ ልጅ 20 በመቶ ነበር። የጋብቻና የልደት ምስክር ወረቀት ከወዲሁ ይውጣ፤ በየገጠሩ በሽማግሌ የተጋቡ ብዙዎች ይህ ወረቀት የላቸውም።

ለሚመለከታቸው ጽሕፈት ቤቶች የምንጠይቀው ሁለት ነገር ነው። “አልተሟላም” የሚል ደብዳቤ ሲጻፍ ያልተሟላው ምን እንደሆነና ከየት እንደሚገኝ አብሮ ይጻፍ፤ አንድ መስመር ነው የሚጨምረው። የቦርድ ውጤትም ለጉዳተኛው ግልባጭ ይሰጠው፤ ስንት እንደተሰጠው ሳያውቅ ይግባኝ የሚል ሰው በጨለማ ነው የሚከራከረው። ጋዜጣችሁም ቢፈቅድ፣ የይግባኝ ሰሚ ጉባኤውና የሰበር ችሎቱ በጉዳት ጡረታ ላይ የሰጧቸውን ውሳኔዎች በየጊዜው በአጭሩ ብታወጡ ለዚህ አካባቢ አንባቢ ከብዙ ዜና ይበልጥበታል።

ከአክብሮት ጋር፣
በጡረታና በጉዳት ጉዳዮች ማመልከቻ በመጻፍ የምናግዝ
ደብረ ብርሃን፣ ሰሜን ሸዋ